ቁርስ ያልተጻፈበት ደብተር

የጡረታ ደብዳቤዬ አራት መስመር ነው። ለሃያ ዓመት አገልግሎቴ ያመሰግናል፣ ዕድሜዬ ስድሳ መሙላቱን ይገልጻል፣ በእጄ ያለውን ንብረት እንዳስረክብ ያዝዛል፣ መልካም ዕረፍት ይመኝልኛል። አራቱም መስመሮች ትክክል ናቸው። ስድሳ ሞልቶኛል። ንብረቱንም አስረክቤያለሁ፤ አንድ ፊሽካ፣ አሥራ ስምንት የልምምድ ኮን፣ ሁለት የመጋዘን ቁልፍ። ደብዳቤው የማይናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመጻፉ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ናሆም የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የተሰረዘበትን የተጫዋቾች ዝርዝር አልፈርምም ብዬ ነበር። ክለቡ ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ወደ እግር ኳስ ከመግባቴ በፊት አሥራ ስድስት ዓመት ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ አንድን ነገር በአንድ ምንጭ ብቻ አላምንም።

ይህን የምጽፈው ለመካሰስ አይደለም። ያልፈረምኩበት ምክንያት በክለቡም በሰፈሩም በብዙ ዓይነት ስለሚወራ፣ የሆነው እንደሆነው ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው። አስቴር አጥፍታለች የሚሉ አሉ። አዎ፣ አጥፍቻለሁ። ግን እነሱ በሚሉት ቀን አይደለም። እኔ ያጠፋሁት ከዚያ አሥራ ስድስት ዓመት አስቀድሞ፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ወር ነው።

ጋዜጣ ላይ የያዝኩት የስፖርት ገጽ ነበር። ስታዲየም በር ላይ “ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?” ሳልባል የገባሁበት ቀን ጥቂት ነው። መልስ አልሰጥም ነበር፤ መታወቂያዬን አሳይቼ አልፋለሁ። አዘጋጃችን ሁለት ሕግ ብቻ ነበረው። ያላየሽውን አትጻፊ፤ የሰማሽውን ከሁለት ሰው ስሚ። “እንደሚባለው” የሚል ቃል ያለበትን ጽሑፍ ጨርሶ ሳያነብ ይመልሰዋል። ብዙ አለቆች አሳልፌያለሁ፣ ከእሱ የወሰድኩትን ያህል ግን ከማንም አልወሰድኩም።

ወደ ጉለሌው ሜዳ መጀመሪያ የሄድኩት ለአንድ ጽሑፍ ነው። ከዚያ አካባቢ የሚወጡ ልጆች ኳስ ሲቀበሉ የማይደናገጡት ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይዤ ነበር። ሜዳው ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ስትወጪ ከመንገዱ ዳር ነው። ሣር የለውም፤ ወደ ታች ያዘነብላል፤ በክረምት የታችኛው ጎል ጭቃ ይውጠዋል። የደረስኩ ቀን አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ጎንበስ ብለው የጠርሙስ ስባሪ እየለቀሙ ኪሳቸው ይከታሉ። የሜዳው ጥበቃ መሰሉኝ።

“ጌታዬ፣ አሠልጣኙን ፈልጌ ነበር።”

“ምን በላሽ?” አሉኝ ቀና ሳይሉ።

“ምን አሉኝ?”

“ዛሬ። ምን በላሽ?”

“ይሄ እኔ ከመጣሁበት ጉዳይ ጋር ምን ያገናኘዋል?”

ቀና ብለው ደብተሬን አዩት። “ጋዜጠኛ አይደለሽ? የራበው ጋዜጠኛ ክፉ ይጽፋል” አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጋሽ ደበበ እሳቸው ነበሩ፤ የክለቡ የታዳጊዎች አሠልጣኝ። ለአንድ ጽሑፍ ብዬ ሄጄ ስድስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። ጋዜጣው ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ከተቀነሱት አንዷ ሆንኩ፤ በዚያው ሳምንት ጋሽ ደበበ ክለቡ ለታዳጊዎቹ ቡድን መሪ እንደሚፈልግ ነገሩኝ። ቡድን መሪ ማለት መዝጋቢ፣ ጸሐፊ፣ አስታራቂ፣ ማልያ ቆጣሪ ማለት ነው። ደመወዙ ከጋዜጣው ያንሳል። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጋሽ ደበበ ሜዳ የሚደርሱት ከልጆቹ አንድ ሰዓት ቀድመው ነው። ሜዳውን ከላይ እስከ ታች በእግራቸው ያካልሉና ድንጋይ፣ ስባሪ፣ ሽቦ ይለቅማሉ። የጃኬታቸው ቀኝ ኪስ ሁልጊዜ የተቀደደ ነበር። ፊሽካቸውን አፋቸው ላይ አያቆዩም፤ በእጃቸው ይይዙታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው “አፌ ላይ ካለ እነፋዋለኋ” አሉኝ። ልጅ ኳስ ይዞ ሳለ አይጮኹበትም። “አሁን ‘አቀብል!’ ብዬ ብጮኽ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ነገ እኔ ሳልኖር ማን ሊያቀብልለት ነው?” ይላሉ።

የሚያስተምሩት ጥቂት ነገር ነው፤ መደጋገም ግን አይሰለቻቸውም። ከሁሉ በፊት ዓይን ነው። ኳሱ ሳይደርስህ አንገትህን አዙር፣ ከኋላህ ማን እንዳለ እወቅ፣ ከዚያ በሩቁ እግርህ ተቀበል። “ዓይንህን ከኳሱ አስቀድመህ ላክ” የምትለዋን ቃል ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። ለዚህ የፈጠሩት ልምምድ ነበራቸው። አንድ ልጅ መሃል ይቆማል፤ ከኋላው ሌላ ልጅ ጣቶቹን ያነሳል። ኳሱ እየመጣ ሳለ መሃል ያለው ዞር ብሎ አይቶ፣ የጣቶቹን ቁጥር ጮክ ብሎ ተናግሮ፣ ኳሱንም መቀበል አለበት። “ሦስት!” ብሎ በትክክል ቆጥሮ ኳሷ በእግሮቹ መሃል ሾልካ ያለፈችበት ልጅ የዕለቱ መሳቂያ ነው። “ሒሳብ አልፈሃል፣ ስፖርት ወድቀሃል!” ይሉታል።

የሜዳውን ተዳፋትም ይጠቀሙበት ነበር። አዲስ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሁልጊዜ ቁልቁል ከሚያጠቃው ቡድን ጋር ይጫወታል። ኳሱ ራሱ ይሮጥለታል፣ ልጁም ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። በሁለተኛው ሳምንት ሽቅብ ያዞሩታል። እንግዲህ ኳስ አጠገቡ ማቆየት የሚችለው ማን እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው።

እና ጥያቄያቸው። ልጆቹ በበሩ ሲገቡ አንድ በአንድ ያስቆሟቸውና “ምን በላህ?” ይላሉ። ሠላሳ ልጅ ቢመጣ ሠላሳ ጊዜ።

“ዳቦ በሻይ።”

“እለፍ።”

“ቅንጬ፣ ጋሼ።”

“የታደልክ። እለፍ።”

“ምንም።”

“ምንም የሚባል ምግብ አላውቅም። ና ወዲህ።” ከቦርሳቸው በሶ ያወጡና በጥብጠው ይሰጡታል።

በክረምት፣ በፍልሰታ ጊዜ፣ ከባዱን ልምምድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያደርጉት ነበር። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥያቄውን የሽማግሌ ሰላምታ፣ የሰዓቱን ለውጥ ደግሞ ከዝናብ ጋር የተያያዘ ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት። ሌላውን ልማዳቸውን ሁሉ፣ የኪሳቸውን መቀደድ ሳይቀር፣ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። ይህን ግን አልጻፍኩም።

ስለ ደብተሩ ጥቂት ልናገር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ነበረው። በጨዋታ ጊዜ የማየውን እቆጥራለሁ፤ ኳስ ሳይደርሰው ስንት ጊዜ ዞሮ አየ፣ በመጀመሪያ ንኪው ኳሱን ወዴት ወሰደው፣ ከተነጠቀ በኋላ ስንት ርምጃ ተከተለ፣ በስንተኛው ደቂቃ መሮጥ አቆመ። “ጎበዝ ነው”፣ “ደካማ ነው” የሚል ቃል አይገባበትም። ጋሽ ደበበ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር፤ በኋላ ግን ምርጫ ሲደርስ “እስቲ ያንቺ መጽሐፍ ምን ይላል?” ማለት ለመዱ። ጥሩ ሥራ ነበር። ዛሬም አላፍርበትም። የማፍረው በአንድ ገጽ ብቻ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ጋሽ ደበበ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ጳውሎስ ሆስፒታል ተኙ። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሚጫወተውን ቡድን መምረጥ ለእኔ ተተወ። ሁለት የሙከራ ጨዋታ አዘጋጀሁ፤ ሁለቱም ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ዝናብ ሳይመጣ። መሃል ሜዳ ላይ አንድ ቦታ ቀርቶ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛው ኢዮብ፣ ጠንካራ፣ የማይደክመው። ሁለተኛው ዮናስ፣ ትከሻውን የሰበሰበ፣ ኳስ ሲመጣለት ሁሉን አስቀድሞ ያየ የሚመስል። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች እንደ ዮናስ ያለ ገጽ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ቆመ። በሁለተኛው ጨዋታም እንደዚያው ሃያ ደቂቃ ላይ ቆመ። ኳስ ሲነጠቅ ከእግሩ ሥር ዝም ብሎ ያያል። በገጹ ግርጌ ከራሴ ሕግ ወጥቼ አራት ቃል ጻፍኩ፤ “ችሎታ አለው፤ ልብ የለውም።” ኢዮብን መረጥኩ፤ ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ተላከ።

በማግስቱ ደብተሬን ይዤ ጳውሎስ ሄድኩ። ጋሽ ደበበ ትራሱን ተደግፈው ገጽ በገጽ አነበቡ። ዮናስ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“ሃያ ደቂቃ?”

“ሁለቱንም ጊዜ። ሰዓት ይዤ ነው።”

“ምን በልቶ ነበር?”

ጎንበስ ብዬ ገጹን ተመለከትኩ።

“አስቴር፣ ምን በልቶ ነበር ነው የምልሽ።”

“አልጠየቅኩትም።”

“ቀኑ ስንት ነበር?”

“ነሐሴ ዘጠኝ። ሁለተኛው ነሐሴ አሥራ ሁለት።”

ደብተሩን ዘግተው ሆዳቸው ላይ አስቀመጡት። “ሁሉን ቆጥረሻል” አሉኝ።

አላውቅም ነበር አልልም። እኛ ቤት ፍልሰታ አይጾምም፤ እኔ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግኩት። ግን ተወልጄ ያደግኩት ጉለሌ ነው። በነሐሴ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት የጎረቤቶቻችን ልጆች፣ ሰባት ዓመት ከሞላቸው ጀምሮ፣ እስከ ቅዳሴ መውጫ ምንም እንደማይቀምሱ ከልጅነቴ አውቃለሁ። አብሬያቸው ስጫወት አንዳንዱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያየን ነበር። ይህን የማውቀው እንደ ጎረቤት ነው፤ ሜዳ ስገባ ደብተሬን ይዤ ጎረቤትነቴን ውጭ አስቀመጥኩት።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ዮናስ ቤት ወጣሁ። እናቱ በሩ ላይ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ልጆቻቸውን ይዘው ሊወጡ ነው። “ልጄማ ቆራቢ ነው” አሉኝ፤ ኩራታቸው ከድምፃቸው ይሰማል። “ይህን ሁለት ሳምንት በየቀኑ አብሮኝ እንጦጦ ማርያም ይወጣል። እስክንመለስ ውኃም አይነካም። የኳሱን ቀን እንኳ ከሜዳው ሮጦ ነው መንገድ ላይ የደረሰብን።”

እኔ ልብ የለውም ብዬ የጻፍኩበት ልጅ፣ ከጨዋታው በኋላ፣ በባዶ ሆዱ፣ ያን ተራራ ወጥቶ ቅዳሴ ቆሟል።

ዮናስ ከእናቱ ኋላ ቆሞ መሬት ያያል። “ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት። እናቱ መለሱልኝ፤ “ጾመኛ ነኝ ብሎ ያውራ እንዴ? እንዲያማ ከሆነ ምኑን ጾመው!”

ወደ ክለቡ ተመልሼ በጊዜው ለነበረው አለቃ ነገርኩት። ዝርዝሩ ተልኳል አለኝ። መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩ። “ለአንድ ልጅ?” አለኝ። እኔም ተመለስኩ። ከባዱ ጥፋቴ ይህ ነው። ገጹን መጻፌ ስሕተት ነበር፤ ስሕተት ይታረማል። እውነቱን ካወቅኩ በኋላ ዝም ማለቴ ግን ስሕተት አይባልም። ዮናስን ለሚቀጥለው ዓመት ና ብዬ ሁለት ጊዜ ላክሁበት። አልመጣም።

ጋሽ ደበበ ተሽሏቸው ተመለሱ፤ አምስት ዓመትም አብረን ሠራን። በበሩ መጠየቁን ለእኔ ተዉልኝ። አንድ ቀን “ልጆቹ እኮ ይዋሻሉ፤ ያልበላው በልቻለሁ ይላል” አልኳቸው።

“መልሱን ማን ይሰማል?” አሉኝ። “የበላ ልጅ ወዲያው ነው የሚናገረው። ያልበላ ያስባል። አንቺ ሰዓት ቆጣሪ አይደለሽ? የሚያስብባትን ጊዜ ቁጠሪ።”

ስንት ሰው ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም ነበር። ጋሽ ደበበ ካረፉ በኋላም በየዓመቱ በፍልሰታ ከባዱን ልምምድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደርገው ነበር። እንደሳቸው ሁሉ ግን እኔም ሕግ አድርጌ በወረቀት አላሰፈርኩትም። ጸሐፊዋ እኔ ሆኜ! ይህም ዞሮ መጣብኝ።

ዮናስን ዳግመኛ ያገኘሁት ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት ታክሲ ጎማው ተንፍሶ ጎሚስታ ገባን፤ ክርኑ ድረስ ጥቁር የሆነ ጎልማሳ ጎማውን እየፈታ “እትዬ አስቴር፣ አሁንም ይቆጥራሉ?” አለኝ። ያኔ ነው ያወቅኩት።

ይቅርታ ጠየቅኩት። በዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ፊት፣ ምንም ሳላስቀር፣ ከቀኑ ጀምሮ ነገርኩት።

“ኧረ እትዬ፣ ቢጠይቁኝም እኮ እዋሽ ነበር” አለ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። “እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ኢዮብ ይበልጠኝ ነበር? ወይስ ርቦኝ ነው? እስካሁን አላውቀውም። ኳስ በቴሌቪዥን ሳይ እንኳ እሱን ነው የማስበው። ቢበልጠኝ ኖሮ እኮ በቃ፣ በለጠኝ ብዬ እተወው ነበር።”

ጎማውን ነፍቶ ጨረሰ፤ ታክሲያችን ሄደ።

አሁን ወዳልፈረምኩት ዝርዝር ልምጣ።

ያ ኢዮብ ዛሬ የክለቡ የታዳጊዎች ቴክኒክ ኃላፊ ነው። ትልቅ ተጫዋች አልሆነም፤ ጉልበቱ ቀድሞ ተጎዳ፤ ተምሮ፣ ፈቃድ አውጥቶ ተመለሰ። አሮጊቷ አዲስ ነገር ጠልታ ነው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ኢዮብ ጨዋታ በቪዲዮ መቅረጽ ሲጀምር ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። እኔ በእስክሪብቶ ስቆጥር ከዓይኔ ያመለጠውን ካሜራው ይዞታል። ልጆቹም ራሳቸውን ሲያዩ “ወይኔ፣ አንገቴ እኮ አይዞርም!” ይላሉ፤ እኔ ዓመት ሙሉ ብነግራቸው ያልገባቸው በአንድ ደቂቃ ገባቸው።

ያጣላን የቀን ምርጫ ነው። ባለፈው ነሐሴ ኢዮብ የሩጫ ፈተና ይዞ መጣ። ልጆቹ ከድምፅ ማጉያ በሚወጣ ምልክት በሁለት መስመር መሃል ይመላለሳሉ፤ ምልክቱ እየፈጠነ ይሄዳል፤ መስመሩ ላይ በጊዜ ያልደረሰ ይወጣል። ጥሩ ፈተና ነው። ከዐሥረኛው እርከን በታች የቀረ ከዝርዝሩ ይሰረዛል ተባለ። ቀኑ ነሐሴ አሥራ አንድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ያወቅኩት በዋዜማው ነው፤ እኔ ለምዝገባ ጉዳይ ከሜዳው ርቄ በነበርኩበት ሳምንት መርሐ ግብሩ ወጥቶ ተለጥፏል።

በማግስቱ እንደወትሮው በሩ ላይ ቆምኩ። ናሆም መጣ። ቀጭን፣ ግራ እግሩን የሚጠቀም ልጅ ነው፤ በዚያ ዓመት ደብተሬ ውስጥ ኳስ ሳይደርሰው ዞሮ በማየት የሚተካከለው አልነበረም።

“ምን በላህ?”

ታኬታውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። “ፍርፍር” አለ።

“በምን?”

“በ... በቃ ፍርፍር ነው፣ እትዬ።”

ከኋላው የነበረው ጓደኛው ሳቀ። “ፍርፍር ይላል እንዴ! እትዬ፣ እሱ ሰሞኑን መነኩሴ ሆኗል። ውኃም የሚጠጣው በሕልሙ ነው።”

“ዝም በል አንተ! ማን ጠየቀህ?”

በዚያን ቀን ስጠይቃቸው ዘጠኝ ልጆች መልስ ከመስጠታቸው በፊት አሰቡ። ወደ ኢዮብ ሄጄ ፈተናው ይተላለፍ አልኩት።

“እትዬ አስቴር፣ የድምፅ መሣሪያውን የተዋስነው ለዛሬ ነው። ሠላሳ ስምንት ልጅ ተሰልፏል።”

“ዘጠኙ አልበሉም።”

“ለሁሉም እኩል ፈተና ነው።”

“ፈተናው እኩል ነው። ሆዳቸው ግን እኩል አይደለም።”

ፈተናው ተካሄደ። ናሆም በሰባተኛው እርከን ተንበረከከ። ከዘጠኙ ስድስቱ ወደቁ። ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ ለፊርማ መጣልኝ፤ እኔም ሳልፈርም መለስኩት።

የክለቡ ሊቀ መንበር ጠሩኝ። ኢዮብም ነበር። ሊቀ መንበሩ በዕድሜ እኩያዬ የሆኑ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው።

“አስቴር፣ አንቺ ጴንጤ አይደለሽ እንዴ? ፍልሰታ ምን አገባሽ?”

“እኔን አያገባኝም። ልጆቹን ያገባቸዋል።”

“ሃይማኖት ወደ ስፖርት እናስገባ ነው የምትዪው?”

“ሃይማኖት አላልኩም። ቁርስ ነው ያልኩት።”

“እንግዲያው አይጹሙ! ኳስ ተጫዋች መሆን የፈለገ ይብላ።”

“ልጅን አትጹም ማለት የእኔም የእርስዎም ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ቀን መምረጥ ነው። ዝርዝሩ የሚላክበት ቀን ነሐሴ ሃያ አምስት ነው፤ ጾሙ አሥራ ስድስት ላይ ይፈታል። ስድስቱ እንደገና ይሩጡ። ከዚያ እፈርማለሁ።”

“ካልሆነስ?”

“አልፈርምም።”

“ሌላ ሰው ይፈርማል።”

“ይፈርም። ከጎኑ ግን እኔ ለምን እንዳልፈረምኩ ጽፌ አያይዛለሁ። ዘጠኙን ልጆች በስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን።”

እሳቸው እንደማልጮኽ ያውቃሉ። አልጮኽኩም። ቀልዳቸውን ግን አቆሙ፤ “አንቺ ሴት፣ ጡረታሽ ስንት ወር ቀረው?” አሉኝና ወጡ። ይህን ቃል ሁለት ሰው ሰምቶታል፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ኢዮብ ቀረ። ቦርሳዬ ውስጥ የአሥራ ስድስት ዓመት በፊቱን ደብተር ይዤ ነበር። ሁለት ገጽ ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት፤ የእሱንና የዮናስን። ከግርጌ ያለውን የእኔን አራት ቃል አልሸፈንኩትም።

“በዚያን ቀን ጠዋት ምን በልተህ ነበር?”

ሳቀ። “ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ?”

“መልስልኝ።”

“እናቴ የሙከራ ቀን ገንፎ ታገነፋልኝ ነበር።” ከዚያ የዮናስን ገጽ ማንበብ ጀመረ፤ ሃያ ደቂቃ ላይ የቆመውን ቁጥር በጣቱ ተከተለው። ቀኑን አነበበ። “እኛ ቤት ፍልሰታ አይጾምም” አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

“ይበልጥህ ነበር?”

ብዙ ቆየ። ቆጠርኩት፤ ልማድ ነው። “በዓይን? በዓይን ይበልጠኝ ነበር። ሌላውን አላውቅም፣ እትዬ። አብረን እኮ ተፈትነን አናውቅም ማለት ነው።”

ላፕቶፑን ዘጋ። “ነሐሴ ሃያ ላይ እናድርገው” አለ። “መሣሪያውን እኔ እለምናለሁ።”

ነሐሴ ሃያ ቀን የወደቁት ስድስት ልጆች ሁሉም መጡ። በሩ ላይ ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም ሳያስቡ መለሱ። አንዱ የዶሮውን ብልት መቁጠር ሲጀምር “ይብቃህ፣ እለፍ” አልኩት። ናሆም የበላውን እስከ ሙዙ ዘረዘረልኝ። ከስድስቱ ሁለቱ ዐሥረኛውን እርከን አለፉ፤ ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ገባ። ናሆም ዘጠነኛውን ጨርሶ ዐሥረኛው ላይ መስመሩን በሁለት ርምጃ አጣው። ምልክቱ ጮኸ፤ ኢዮብ ወደ እኔ ዞር አለ። እኔ ደብተሬ ላይ “ዘጠኝ” ብዬ ጻፍኩ።

“ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?” ያሉኝ ሰዎች አሉ። የታገልሽለት ልጅ ወደቀ፣ አንቺም ወጣሽ፣ ምን አተረፍሽ? ይላሉ። ዝርዝሩን በዚያኑ ቀን ፈረምኩ፣ ናሆም የሌለበትን። ለአንድ ልጅ ቦታ ለማስገኘት ብታገል ኖሮ እነሱ ልክ ነበሩ። እኔ የታገልኩት ለቦታው አልነበረም።

ከፈተናው በኋላ ናሆም የላይኛው ጎል አጠገብ ተቀምጦ የታኬታውን ክር ይፈታል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

“ጠግበህ ነበር?”

“አዎ።”

“እንቅልፍ?”

“ተኝቻለሁ።”

“ያመመህ ነገር ነበር?”

“የለም፣ እትዬ።”

“ታዲያ ምን ሆንክ?”

ክሩን ፈትቶ ጨረሰ፤ ጫማውን አውልቆ ጭቃውን ከድንጋይ ጋር መታ መታ አድርጎ አራገፈ።

“ቀደሙኝ” አለ። “ለከርሞ አልፋታቸውም።”

አንድ ሰው አዲሱ ገበያ ውስጥ ጎማ እየፈታ ይህችን ‘ቀደሙኝ’ የምትል አንዲት ቃል አሥራ ስድስት ዓመት ሲፈልግ ኖሯል፤ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ናሆም ዘንድ ግን አለች። ደብዳቤው መልካም ዕረፍት ይላል፤ አመሰግናለሁ። የነሐሴ አሥራ አንዱ ዝርዝር ነገ ተመልሶ ቢመጣልኝ፣ ነገም አልፈርምም።